97 ኢሜይል፣ አንድ ወረቀት

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሊከፈት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀርቶታል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ገደማ፣ ናይት ካፒታል በተባለ የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ውስጥ ለሚሠሩ የተወሰኑ ሰዎች ኢሜይል መግባት ጀመረ። ላኪው የኩባንያው የራሱ ኮምፒውተር ነው። መልእክቱ አጭር ሲሆን «ፓወር ፔግ ተዘግቷል» የሚል ስህተት ይጠቅሳል። አንዱ ገባ፣ ሌላው ተከተለ። ገበያው እስኪከፈት ድረስ 97 ደረሱ። ሥራዬ ብሎ ያነበባቸው ሰው ግን አልነበረም።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ገበያው ተከፈተ፤ ጉዱም አብሮ ተከፈተ።

ፓወር ፔግ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 መጠቀም ያቆመው አሮጌ የግብይት ፕሮግራም ነው። ሥራው ቢቆምም ኮዱ ከሰርቨሮቹ ላይ አልተሰረዘም። ከዚያች ረቡዕ በፊት በነበሩት ቀናት አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ የጫነው ባለሙያ ሰባቱን አዳርሶ ስምንተኛውን ረሳው። አዲሱን ኮድ ሥራ የሚያስጀምረው ምልክት ደግሞ ድሮ ፓወር ፔግን ይቀሰቅስ የነበረው ያው ምልክት ነበር። ስለዚህ ሰባቱ ሰርቨሮች አዲሱን ሥራ ሲጀምሩ ስምንተኛው ለዓመታት ተኝቶ የኖረውን ፕሮግራም ማሽከርከር ያዘ። ከደንበኞች የመጡት ትእዛዞች 212 ብቻ ነበሩ። አሮጌው ፕሮግራም ግን አንድ ትእዛዝ ተሟልቶ ማለቁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውምና መግዛትና መሸጡን ቀጠለ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን በእነዚያ 45 ደቂቃዎች መሐል የሆነው ነው። ባለሙያዎቹ ነገሩ እንደተበላሸ ሲያዩ የጠረጠሩት አዲሱን ኮድ ነበር፤ ለምን አይጠረጥሩ፣ ያን ዕለት ሥራ የጀመረው እሱ ነው። ስለዚህ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት። ያን ጊዜ ሰባቱም የስምንተኛውን መንገድ ያዙ። በሽታው የነበረው በአንዱ ላይ ሲሆን መድኃኒቱ የተነሳው ከጤነኞቹ ላይ ሆነ። የበሽታው ስም ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በኢሜይል ሳጥናቸው ውስጥ 97 ጊዜ ተጽፎ ተቀምጧል።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ2013 ባወጣው ውሳኔ የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። እነዚያ ኢሜይሎች እንደ ማስጠንቀቂያ እንዲያገለግሉ ታስበው እንዳልተዘጋጁና ሠራተኞቹም ሲደርሷቸው የማንበብ ልማድ እንዳልነበራቸው በዚያው ውሳኔ ላይ ሰፍሯል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ክፍተት ነው፤ ኮምፒውተር በተናገረውና ሰው በሰማው መካከል ያለው።

«ሲስተም የለም»

ባንክ ቤት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ያልተባለ የከተማ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ይህ ሐረግ እንግዲህ የስህተት ማጠቃለያ ነው። አጭር ነው፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል፣ ክርክርም ያስቆማል። ችግሩ ምንም የማያስጀምር መሆኑ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የፋይበር መስመር ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ ጊዜው አልፎበት፣ ወይም አንድ ሰው የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ቀይሮ ለሌላው ፕሮግራም ሳይነግረው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መኪናና ቴክኒሽያን ይፈልጋል፤ ሰርተፍኬቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በ«ሲስተም የለም» ውስጥ ሁሉም አንድ ሆነው ይቀራሉ።

ልዩነታቸው የተጻፈው ሎግ ውስጥ ነው። ሎግ ማለት ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚያደርገውን ሁሉ ራሱ የሚመዘግብበት ፋይል ነው፤ በአማርኛው የሶፍትዌር ትርጉም «ምዝግብ ማስታወሻ» ይሉታል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ሎግ ከማለት በቀር ሌላ አልሰማሁም። እያንዳንዱ መስመር ሰዓት፣ የክብደት ደረጃ፣ የተናጋሪውን ክፍል ስምና መልእክቱን ይይዛል። ደረጃዎቹን በየሀገሩ ያሉ ሲስተሞች የወረሱት በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ብሎ ከሠራው ሲስሎግ ነው። ከ0 እስከ 7 ስምንት እርከን አለው፤ 0 «ሲስተሙ ከጥቅም ውጭ ሆኗል» ሲሆን፣ 7 ፕሮግራመሩ ለራሱ ብቻ የሚጽፋት ማስታወሻ ናት።

በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ሥርዓት ነው። በተግባር ግን ፕሮግራመር ሁሉ የራሱን ክፍል ጉዳይ እንደ ትልቅ ነገር ያያል። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ሲሳሳት «ስህተት» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም አለ፤ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት ሲያቅተው በትህትና «መረጃ» ብሎ የሚያልፍም አለ። የሌሊት ተረኛው እነዚህን ሁሉ በአንድ ማያ ገጽ ላይ ሲንጋጉ ያያል።

ብዛት ሲያሳውር

መዝጋቢው ሁሉንም ቢመዘግብና አንባቢው ሁሉንም ሊያነብ ቢሞክር ምን እንደሚሆን በሚገባ የተመዘገበው ከሶፍትዌር ኩባንያ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሚገኘው ስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ ችግር ተፈጠረ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማንቂያዎች ጮኹ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ማንቂያ በቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ያትም ነበር። ማተሚያው ግን ከአደጋው ፍጥነት ጋር መሄድ አልቻለም፤ ወደ ኋላ ቀረ፣ ወረፋው ረዘመ፣ አንድ ጊዜም ተጨናንቆ ቆመ። በመጨረሻ ኦፕሬተሮቹ የሚያነቡት ወረቀት ከሁለት ሰዓት በፊት የሆነውን የሚነግር ሆነ።

አደጋውን የመረመረውን ኮሚሽን የመሩት ጆን ኬሜኒ ነበሩ፤ ቤዚክ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከቶማስ ከርትዝ ጋር በ1964 የፈጠሩት የሒሳብ ሊቅ። እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዲህ ላለ ሰው መድረሱ ደስ ይላል። ኮሚሽኑ ካወጣቸው ነገሮች ውስጥ አንዷ ሎግ የሚያነብ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሊለጥፋት የሚገባ ናት። ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተ አንድ ቫልቭ ሳይዘጋ ተጣብቆ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፋች፤ ኦፕሬተሮቹም «ተዘግቷል» ብለው ደመደሙ። መብራቷ የምትናገረው ቫልቩ ስለመዘጋቱ አልነበረም፤ «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ስለመላኩ ብቻ ነበር። ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲወጣ ቆየ፤ የማብለያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ሎግም እንደዚሁ ነው። የሚጽፈው ፕሮግራሙ አደረግሁ ብሎ ያመነውን ነው። «መልእክቱ ተልኳል» የሚለው መስመር መልእክቱ ደርሷል ማለት አይደለም፤ በስልክ ገንዘብ አስተላልፎ «ተልኳል» ተብሎ ተቀባዩ ግን «ኧረ አልደረሰኝም» ያለው ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ማጠቃለያ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገር መለየት አለበት፤ የታየውንና የተገመተውን። ብዙ የችግር ሪፖርት የሚበላሸው እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰረዝ ሲያያዙ ነው።

ከ40,000 መስመር ወደ አራት ዓረፍተ ነገር

እንበል፣ የክፍያ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ድርጅት አለ፤ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ስልክ መጮህ ጀመረ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተጻፈው የስህተት ሎግ 40,000 መስመር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ማንበብ አይደለም፤ መግፈፍ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ውስጥ የሚለዋወጠው ሁሉ ይወጣል፤ ሰዓቱ፣ የስልክ ቁጥሩ፣ የብሩ መጠን፣ የግብይት መለያው። የሚቀረው የመልእክቱ አጽም ነው። ያኔ ያ ሁሉ መስመር ወደ አሥራ አንድ ዓይነት መልእክት ይወርዳል። እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቆጠርና ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረደራል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አሮጌ ናቸው። መስመር የሚፈልገው ግሬፕ የተባለው ትእዛዝ በኬን ቶምፕሰን ተጽፎ ከዩኒክስ ጋር የወጣው በ1973 ነው፤ ደርዳሪውና ቆጣሪው፣ ሶርትና ዩኒክ፣ የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። ሦስቱን አያይዞ ማስኬድ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ብዙ ውድ ሶፍትዌር የሚሠራውን ሥራ በአንድ መስመር ይሠራል። መግፈፉን ኮምፒውተር ራሱ እንዲያደርገው መሞከር የመጣው በኋላ ነው፤ በ2003 ኢስቶኒያዊው ሪስቶ ቫራንዲ፣ በ2017 ደግሞ ከሆንግ ኮንግ የወጣው ድሬይን የተባለው ዘዴ የታወቁ ናቸው። ድሬይን መስመሮቹ እየመጡ ሳሉ የትኛው ቃል ቋሚ፣ የትኛው ተለዋዋጭ እንደሆነ እየለየ በየጎራቸው ያስቀምጣቸዋል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን። ከላይ የተቀመጠው «የክፍያው ጊዜ አልቋል» የሚል ነው፤ 31,000 ጊዜ ተጽፏል። ሁለተኛው «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም»፣ 8,000 ጊዜ። ዓይን እዚያው ይቀራል። ከታች፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ የተጻፈች መስመር አለች፤ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም»። የመጀመሪያዋ የተጻፈችው ግን ከሁሉም አንድ ደቂቃ ቀድማ ነው። ዲስኩ ሞላ፤ ዳታቤዙ መጻፍ አቃተው፤ ጠያቂዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ ጊዜያቸው አለቀ። በለቅሶ ቤት ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው የሟቹ የቅርብ ዘመድ ላይሆን ይችላል፤ የቅርቡ ድምፁ ተዘግቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ መቁጠር ለምን ይጠቅማል? ለሌላ ጊዜ ይጠቅማል። በ2002 የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር ለደንበኞች በጻፉት ደብዳቤ ከፕሮግራም ጉድለቶች 20 በመቶ ያህሉ 80 በመቶውን ስህተት እንደሚያስከትሉ፣ 1 በመቶዎቹ ብቻ ደግሞ የስህተቱን ግማሽ እንደሚያመጡ ገልጸው ነበር። ይህን ያወቁት ከየኮምፒውተሩ የሚላኩ የብልሽት ሪፖርቶችን በየዓይነቱ እየመደቡ በመቁጠር ነው። በሚቀጥለው ወር ምን ይጠገን ለሚለው ጥያቄ ብዛት ጥሩ ዳኛ ነው። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን ተቃጠለ ለሚለው ግን ከብዛት ይልቅ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ መጀመሪያ የመጣው የትኛው ነው? ትናንት ያልነበረው የትኛው ነው? ያንኑ ሰዓት የትናንት ሎግ አውጥቶ ማስተያየት የዚህ ሥራ ግማሽ ነው። በየቀኑ ሺህ ጊዜ የሚጻፍ፣ ሁሉም የለመደው ስህተት ዛሬም ሺህ ጊዜ ከተጻፈ ወሬ አይደለም።

የንባብ አቅጣጫም አለ። አንድ ስህተት ብቻውን ብዙ መስመር ሊወስድ ይችላል፤ ፕሮግራሙ የሄደበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ይዘረዝራል። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስህተቱን ከላይ ጽፎ መነሻ ምክንያቱን «የዚህ ምክንያት» እያለ ወደ ታች ያወርዳል፤ ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ከመጨረሻዋ ምክንያት ነው። ሌላው ቋንቋ ፓይተን ደግሞ መንገዱን አስቀድሞ የስህተቱን ስም በመጨረሻው መስመር ላይ ያስቀምጣል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የላይኛዎቹን አምስት መስመሮች ቆርጦ ለጓደኛው ይልካል፤ መልሱ ያለው ካልተላከው ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጻፈው ማጠቃለያ እንዲህ ያለ ቢሆን እወዳለሁ፦ «ከጠዋቱ 3:11 (በሎጉ ሰዓት 06:11) ጀምሮ የሁለተኛው ዳታቤዝ ሰርቨር ዲስክ ሞልቷል። ከ3:12 ወዲህ ከአሥር ክፍያ ሰባቱ ይወድቃሉ፤ ቀሪ ሒሳብ ማየት ይሠራል። ሌሊት የተጀመረው የመጠባበቂያ ቅጂ ቦታውን ሳይበላው አልቀረም፤ ገና አልተረጋገጠም። ቅጂውን አቁሙ፤ ዳታቤዙን ግን አጥፍታችሁ አታስነሱ፣ ያልተጻፉ ግብይቶች አሉ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አጭርነቱ አይደለም ጥቅሙ፤ «ሲስተም የለም» ከዚህም ያጥራል። ጥቅሙ የሚያነበው ሰው ተነስቶ አንድ ነገር ማድረግ መቻሉና፣ በተለይ፣ አንድ ነገር ከማድረግ መታቀቡ ነው። በናይት ካፒታል ያን ቀን የጎደለው «ኮዱን ከሰባቱ ላይ አታንሱ» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች።

የጋርማን ዝርዝር

አንድ የስህተት ቁጥር አይተው በሴኮንዶች ውስጥ የወሰኑ ሰዎችን ታሪክ ፍለጋ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ሊነሳ 11 ቀን ሲቀረው፣ ሂዩስተን በሚገኘው የመቆጣጠሪያ ማዕከል የጨረቃ ማረፍ ልምምድ እየተካሄደ ነበር። የልምምዱ አስተናባሪዎች ሆን ብለው አንድ ችግር ከተቱ፤ በመንኮራኩሯ ኮምፒውተር ላይ 1201 የሚል ማንቂያ መጣ። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ኃላፊ የ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ነበር። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በቂ መልስ ስላጣ ማረፉ ይሰረዝ አለ። ልምምዱ ሲያበቃ ውሳኔው ስህተት እንደነበረ ተነገራቸው፤ ማረፍ ይቻል ነበር።

የበረራ ዳይሬክተሩ ጂን ክራንዝ ተቆጡ። ኮምፒውተሩ ሊያወጣ የሚችለው ማንቂያ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲጠናና ለእያንዳንዱ ምን መደረግ እንዳለበት እንዲጻፍ አዘዙ። ሥራው ላይ ከተቀመጡት አንዱ በኋለኛው ክፍል የሚሠራው የ24 ዓመቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጃክ ጋርማን ነበር። ዝርዝሩን በእጁ ጻፈው፤ ቁጥሩ፣ ትርጉሙ፣ ማረፉን ያሰርዛል ወይስ አያሰርዝም። ወረቀቱንም በጠረጴዛው ላይ ባለው መስተዋት መሰል ፕላስቲክ ሥር አደረገው።

ጁላይ 20 መንኮራኩሯ ከጨረቃ በላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ ማንቂያ ጮኸ፤ 1202። ኒል አርምስትሮንግ ቁጥሩን ተናግሮ ትርጉሙን ጠየቀ። ጋርማን ወረቀቱን አየ፤ እየደጋገመ ካልመጣ በቀር ያስኬዳል ብሎ ለቤልስ ነገረው። ቤልስ ለክራንዝ «ሂድ» አለ፤ በሬዲዮ የሚነጋገረው ቻርሊ ዱክም ወደ ላይ አስተላለፈው። ከዚያ በኋላም ማንቂያው ተመላልሷል፤ አንዴም 1201 ሆኖ መጥቷል። መልሱ ያው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 1202 ማለት ኮምፒውተሩ ከአቅሙ በላይ ሥራ ተሰጥቶት አዲስ ሥራ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቷል ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ተለዋዋጭ ማኅደረ ትውስታ 2,048 ቃላት ብቻ የሚይዝ ነበር። ሥራ ሲበዛበት ራሱን እንደገና አስነስቶ አስፈላጊዎቹን ብቻ ይዞ እንዲቀጥል ተደርጎ ስለተሠራ፣ ማንቂያው በአንድ በኩል መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚናገር ነበር። ትርፉን ሥራ የፈጠረው ለማረፍ የማያስፈልግ፣ ከእናት መንኮራኩሯ ጋር ለመገናኘት የተሠራው ራዳር ነው፤ የኃይል ምንጮቹ ስላልተናበቡ የኮምፒውተሩን ጊዜ ከመቶ 13 ያህል ይሰርቅ ነበር። ይህን ምክንያት ግን በዚያች ቅጽበት በክፍሉ ውስጥ ያወቀው ማንም አልነበረም፤ የታወቀው ካረፉ በኋላ ነው። የጋርማን ወረቀት ምክንያቱን አልያዘችም። የያዘችው ውሳኔውን ነው።

ከዚህ ተነስቼ ነው ፈጣን ማጠቃለያ ሁልጊዜ ከሎጉ ውስጥ አይወጣም የምለው። ግማሹ ከአደጋው በፊት፣ አእምሮ በተረጋጋበት ሰዓት የሚጻፍ ነው። የትኛው ስህተት ሰው ከእንቅልፍ ያስነሳል፣ የትኛው እስኪነጋ ይቆያል፣ የትኛው ሲመጣ ማንም ምንም እንዳይነካ። ብዙ ድርጅቶች ሎግ የሚሰበስብ ሶፍትዌር በውድ ይገዛሉ፤ ይህን አንድ ገጽ ግን አይጽፉም። መጻፉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከፕሮግራመሮቹ ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ስህተት «ይህ ሲመጣ ምን እናድርግ?» ማለትን ነው። መልስ ያልተገኘለት ስህተት መጻፉ ራሱ ያጠያይቃል።

በማን ሰዓት?

በእኛ ሀገር በዚህ ሥራ ላይ የሚጨመር አንድ ጣጣ አለ። ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚጽፉት በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከእሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ደንበኛው ደግሞ የሚናገረው ከንጋት በሚቆጠረው ሰዓት ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የተቋረጠብኝ» ያለ ሰው የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ ከሆነ 9 ይላል፤ ሎጉ ላይ 06:00 ነው። አንድ ክስተት ሦስት ሰዓት አለው። የሚገርመው፣ በሎጉ ሰዓት ላይ 3 ቢደመር የፈረንጁ የአዲስ አበባ ሰዓት ይገኛል፤ 3 ቢቀነስ ደግሞ የእኛው አቆጣጠር ይመጣል። ይህን ያላወቀ ወጣት ባለሙያ ቅሬታው ከመጣበት ሰዓት ስድስት ሰዓት ርቆ ሲፈልግ ይውልና «ሎጉ ላይ ምንም የለም» ብሎ ይመልሳል።

ሌሊት ሲሆን ይብሳል። «ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ መሽቶ ያለውን ሌሊት ማለቱ ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ማክሰኞ ገብቷል፤ በሎጉ ላይ ደግሞ ገና ሰኞ 22:00 ነው። ጳጉሜን የማያውቅ ቀን ቀያሪ ፕሮግራም ካለበት በየዓመቱ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን የሚያብድ ሲስተም ያጋጥማል።

ፊደሉም ድርሻ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬም ግን በመንገዱ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ክፍል ፊደሉን ካልደገፈ ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጻፋል፤ ሺህ ደንበኛ አንድ ሰው መስሎ ይደመራል። በተቃራኒው ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ እየተባለ የተመዘገበ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። በስም የሚቧድን ማጠቃለያ እንግዲህ በሁለቱም በኩል ይዋሻል፤ መቧደን ያለበት በመለያ ቁጥር ነው።

«አሳጥርልኝ»

አሁን አሁን ሎጉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ «አሳጥርልኝ» ማለት ተለምዷል። አልቃወምም። የማያውቁትን የስህተት ዓይነት በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት፣ የተበታተነውን ለመሰብሰብ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለደከመ ዓይን ሁለተኛ ዓይን ለመሆን ይረዳል። ችግሩ ሁልጊዜ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። ሎጉ ውስጥ ምክንያቱ ባይኖርም ምክንያት ይሰጣል፤ ያውም በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር። ስለዚህ ጥሬውን 40,000 መስመር ከመስጠት ይልቅ አስቀድሞ የተገፈፈውንና የተቆጠረውን መስጠት ይሻላል፤ ለሚናገረው ለእያንዳንዱ ነገርም የትኛውን መስመር አይቶ እንደተናገረ እንዲጠቁም ማስገደድ። መስመር ያልጠቆመበት ዓረፍተ ነገር ግምት ነው፤ እንደ ግምት ይያዝ።

ሌላው ሎጉ ውስጥ ያለው የሰው ምስጢር ነው። በሜይ 2018 ትዊተር ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃል እንዲቀይሩ የጠየቀው ማንም ሰብሮ ገብቶ አይደለም፤ የይለፍ ቃሎቹ ሳይመሰጠሩ በራሱ የውስጥ ሎግ ላይ ሲጻፉ ስለተገኙ ነው። የእኛ የክፍያ ፕሮግራሞች ሎግ ደግሞ በስልክ ቁጥርና በሒሳብ ቁጥር የተሞላ ነው። ይህን ገልብጦ ውጭ ሀገር ላለ አገልግሎት መለጠፍ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት ሀገር እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ቁጥሮቹን ሸፍኖ መስጠት ለማጠቃለያው ምንም አያጎድልበትም፤ ቀድሞውንም የሚገፈፉ ናቸው።

ሎግ ውስጥ የሚጻፈው ጽሑፍ በከፊል ከውጭ ሰው የሚመጣ መሆኑም አይረሳ። በዲሴምበር 2021 ዓለምን ያስጨነቀው፣ ሎግ ፎር ጄ የተባለው የመዝጋቢ ፕሮግራም ቀዳዳ እንዲሁ ነበር፤ ጥቃት ፈጻሚው በስም ወይም በመልእክት ቦታ ላይ የተለየ ጽሑፍ ያስገባል፤ መዝጋቢው ፕሮግራም መመዝገብ ሲገባው እንደ ትእዛዝ ይፈጽመዋል። ሎግ የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ከመስመሮቹ መሐል «ይህን ስህተት ችላ በል» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ አንብቦ መናገር እንጂ ሰርቨር ማጥፋትና ማስነሳት አይፈቀድለት፤ ያ ውሳኔ የተረኛው ሰው ነው።

በመጨረሻ ለእርስዎ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ላሉት። ክፍያዎ ሲቋረጥ «አልሠራም» ብቻ ብለው አይደውሉ። ምን ሊያደርጉ እንደነበር፣ በማያ ገጹ ላይ የወጣውን ቁጥር ወይም ጽሑፍ እንዳለ፣ የተቋረጠበትን ደቂቃ፣ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ ጨምረው ይጻፉ። የማያ ገጹን ፎቶም ይላኩ። የይለፍ ቃልዎን ግን፣ ማንም ቢጠይቅዎ፣ አይላኩ።